የአባቴ ሆንዳ ከቴስታታው ዘይት ታንጠባጥባለች

ጥያቄ

ጋሸ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደምበጫ ነው። አባቴ በ1979 ዓ.ም. የገዛት ሆንዳ ሲጂ 125 አለችኝ። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ትነሣለች፣ ትጎትታለች፣ ዳገት አትፈራም። ችግሯ ዘይት ነው። በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ራስ) እና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ አካባቢ ይወጣና በማቀዝቀዣ ክንፎቹ ላይ ይወርዳል፣ ማርሚታው ላይ ሲደርስ ይጨሳል፣ ሱሪዬንም ጨረሰው። አንዱ ጋራዥ ዳዶዎቹን አጠበቀልኝ፣ አልቆመም። ሌላው ዙሪያውን ሲልከን ቀባልኝ፣ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። አሁን ደግሞ «ቴስታታው ይውረድና ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየር» ይሉኛል። «ሽጣትና አዲስ ግዛ» የሚለኝም አለ። መሸጥ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

የአባቱ ልጅ፣ ከደምበጫ

መልስ

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማርልህ። ሞተሯን አትሽጣት። ይህን የምልህ ልጅ ለማባበል አይደለም፣ የሲጂን ሞተር ስለማውቀው ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው መንገዱ ሻካራ ለሆነበት፣ ጋራዡ ሩቅ ለሆነበት፣ ዘይት ቅያሪም ብዙ ጊዜ ለሚዘገይበት አገር አስቦ ነው። ለዚህ ሲል ካምሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም የጋዝ ማስገቢያና ማስወጫ በሮቹን፣ የሚያንቀሳቅሰውን ተሽከርካሪ ብረት) ከቴስታታው አውርዶ ታች አስቀመጠው። ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍቱት ከታች የሚገፉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ቴስታታው የሚወጣ ካቴና የለም፣ የሚላላ ካቴናም የለም። ላንተ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቴስታታውን ማውረድ ግድ ቢሆን እንኳ ሥራው ከሌሎቹ ይቀላል።

ግን ገና አታውርደው።

ከደብዳቤህ አንድ ነገር ያዝኩ። ሁለት ጋራዥ ገብታለች፣ ሁለቱም ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ሳያዩ ነው የነኳት። ዘይት የምታይበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በክንፎቹ መሃል ለመሃል ይሄድና መጋጠሚያው ላይ ይጠራቀማል። አንተ ከመጋጠሚያው የወጣ ይመስልሃል። ከላይ ከቫልቮላው ክዳን ሊሆን ይችላል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ መምህር ሞተር ላይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለተኛውን በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ዘይቱ እንደነበረ አለ። ለካ የሚያፈሰው የክዳኑ ጎማ ነበር፣ ደርቆ እንደ ቁርበት ጠንክሮ። ያ ሰውዬ በእኔ ጥፋት ሁለት ሳምንት በእግሩ ትምህርት ቤት ተመላልሷል፣ ያውም በክረምት። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ዱቄት ሳልነሰንስ የማንንም ቴስታታ ፈትቼ አላውቅም።

የዱቄቱ ነገር እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የድሮውን ሲልከን በጥፍርህና በእንጨት ፍቀህ አንሣው። ከዚያ ክንፎቹን አንድ በአንድ በብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠባቸው፣ በሳሙና ውኃ ድገም፣ ፀሐይ ላይ አድርቅ። አንዲት የዘይት ጠብታ እንኳ መቅረት የለባትም፣ ምክንያቱም አሮጌው ዘይት ሲሞቅ ይቀልጥና አዲስ መስሎ ያታልልሃል። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር በቀጭኑ ንፋበት። ፓውደር ከሌለ ጠመኔ ፈጭተህ በነጠላ ጨርቅ አርግፍበት፣ ያው ነው። ሞተሯን አስነሣና በቆመችበት ትሙቅ። ነፋስ በሌለበት ቦታ ይሁን። ባትሪ ይዘህ ቁጭ በልና ተመልከት። ነጩ ዱቄት ቡናማ ሆኖ የሚረጥብበት፣ ከሁሉም በላይ ያለው ነጥብ፣ እሱ ነው ምንጩ። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ፍሳሽ ነው። በቆመችበት ካልታየህ ትንሽ ዳገት ውጣባትና ወዲያው ቆመህ እይ።

እንግዲህ የምታየው ነገር ይለያያል። ምንጩ ከላይ፣ ክዳኑ ሥር ከሆነ ቴስታታውን ተወው። የክዳኑን ጎማ ብቻ ቀይር፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ክዳኑን ስታወጣ ጠርዙ ቀጥ ማለቱን መስታወት ላይ አስተኝተህ እየው። ብዙ ጊዜ ሰው አላግባብ አጥብቆ ያጣመመው ሆኖ ይገኛል። ምንጩ ከታች፣ ሲሊንደሩ ሞተሩ ላይ በተቀመጠበት ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ምንም አያገባውም፣ የታችኛው ነው። ምንጩ በእርግጥ መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ዘንጎቹ በሚወጡበት በኩል መሆኑን ልብ በል። ከቴስታታው ዘይት ወደ ታች የሚመለሰው በዚያ ዋሻ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚረጥበው በዚያ ጎን ነው። በተቃራኒው ጎን ብቻ ካየህ ከላይ የወረደ እንዳይሆን ደግመህ እጠብና ደግመህ ዱቄት ንፋ።

ሌላም አለ። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀባና ሰው ይርገጣት። አረፋው ከተነፋ የሚያመልጠው ዘይት ብቻ አይደለም፣ ኮምፕረሽንም (ፒስተኑ የሚያምቀው ጋዝ) ጭምር ነው። እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ታያለህ፣ ፍሽ ፍሽ የሚል ድምፅም ትሰማለህ፣ ሞተሯም ትደክማለች። አንተ «ትጎትታለች» ስላልክ ይህ ላይሆን ይችላል። ግን ሞክረው።

ከሁሉ በፊት ግን የሞተሩን ትንፋሽ መውጫ ቱቦ እይልኝ። ይህን አደራ እላለሁ። ፒስተኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል፣ ያ አየር መውጫ ይፈልጋል። ቱቦው በጭቃ ከተደፈነ፣ ወይ ከታጠፈ፣ ወይ ተርብ ቤት ከሠራበት አየሩ በደከመው መጋጠሚያ በኩል ዘይት ይዞ ይወጣል። በእኛ አገር ጭቃ ይህ ብርቅ አይደለም። የቀይ አፈሩ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው የሚሆነው። ቱቦውን ነቅለህ በአፍህ ንፋው፣ አየር ካላለፈ ችግርህን አገኘህ ማለት ነው። ዘይቱንም ለካ። የመለኪያውን ዘንግ ሳታጠብቅ እንዲሁ አስቀምጠህ ነው የምትለካው፣ ሞተሯም ቀጥ ብላ ትቁም። ብዙ ሰው «ስለምታፈስ» እያለ ይጨምርባታል፣ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ ይብስ ታፈሳለች። የሲጂ ሆድ የሚይዘው ወደ 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምንጩ መካከለኛው መጋጠሚያ ሆነ እንበል። አሁን ይውረድ።

ከማውረድህ በፊት ጓርኒሲዮኑን ግዛ። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ። ቻይናዎች የሲጂን ሞተር እየቀዱ ዓመታት ስላስቆጠሩ ዕቃው በየከተማው አለ። ግን ተጠንቀቅ። የ125ቱ ሲሊንደር ስፋት 56.5 ሚሊሜትር ነው። ከቻይናዎቹ መካከል 150 የሆነውም ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ስፋቱ ግን 62 ሚሊሜትር ነው። የቻይና 125 ሞተር ላይ 156ኤፍኤምአይ የሚል ቁጥር ተመቶበታል፣ የ150ው 162ኤፍኤምጄ ይላል። ባለሱቁን «የ156 ስጠኝ» ብትለው ይገባዋል። ተቀብለህ ዝም ብለህ አትሂድ፣ ከአሮጌው ጋር ቀዳዳ በቀዳዳ እስክታስተያየው ድረስ ደረሰኙን አትጣል። ትንንሾቹን ኦሪንጎችና የክዳኑን ጎማም አብረህ ግዛ። ከከመነዳሪ ቆርጦ የሚያስገባልህ ሰው ካለ እምቢ በለው። የከመነዳሪ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በወሩ ተመልሰህ ትመጣለህ።

ሞተሯ ሌሊቱን ቀዝቅዛ ትደር። በሙቀቱ የተፈታ ቴስታታ ይጣመማል። የማርሚታው ዳዶዎች የዛጉ ስለሚሆኑ ማታውኑ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ አርስሳቸው። ጠዋት የቤንዚን ታንከሩን፣ ማርሚታውን፣ ካርቡራተሩንና ካንዴላውን አውጣ። ክዳኑን ክፈት። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጎን ያለውን ተሽከርካሪ ብረት) አዙረህ የቲ ምልክቱ ከመስመሩ ጋር ሲገጥም አቁመው፣ ሁለቱም ቫልቮላ ላይ ትንሽ ጨዋታ መኖሩን በጣትህ አረጋግጥ። ጨዋታ ከሌለ አንድ ዙር ጨምር። ከዚያ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀል አቅጣጫ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሁሉንም እኩል እያላላህ ፍታ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም።

ዘንጎቹን ስታወጣ አንድ ካርቶን ላይ ሁለት ቀዳዳ አብጅና ሰካቸው። «ማስገቢያ»፣ «ማስወጫ» ብለህ ጻፍባቸው። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ተፋቅረው የኖሩ ናቸው፣ መቀያየር የለባቸውም።

ቴስታታው እምቢ ካለህ ካቻቪቴ በመጋጠሚያው አስገብተህ አትንቀል። እባክህን። ፊቱ አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ጊዜ ከተጫረ ዘይቱ በዚያ ጭረት ይሄዳል፣ ጓርኒሲዮን ብትደራርብበትም አይቆምም። በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ዙሪያውን በቀስታ ነካ ነካ አድርገው። ክንፎቹን አትምታ፣ ይሰበራሉ። ሲላቀቅም ሲሊንደሩ አብሮ እንዳይነሣ አንድ ሰው ወደ ታች ይያዝልህ። ሲሊንደሩ ከተነሣ የታችኛው ጓርኒሲዮን ይቀደዳል፣ አንዱን ለማዳን ብለህ ሁለተኛ ፍሳሽ ትፈጥራለህ። በጣም ብዙ ሞተር ላይ የደረሰ ነገር ነው።

አሁን ማጽዳት። የዘንጎቹን ዋሻና የፒስተኑን ጉድጓድ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በምላጭ አስተኝተህ በትዕግሥት አንሣ፣ እንደ በርበሬ ፍሬ የምታክል ብትቀር ታፈሳለች። ሁለት ክብ የብረት ቀለበቶች በመጋጠሚያው ላይ ታገኛለህ፣ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው የሚያገናኙ። አንዳቸው ጠፍተው ከሆነ ፍሳሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ሞተር ላይ ስንቱ ሰው ሲፈታ ሲገጥም እንደጣላቸው አይታወቅም። ሳይኖሩ አትግጠም።

ቀጥሎ ቴስታታው መጣመሙን እይ። ከመስታወት ቤት 5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ቁራጭ መስታወት አስቆርጥ። ንጹሑን ቴስታታ በፊቱ መስታወቱ ላይ አስቀምጥና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል) በሥሩ ለማስገባት ሞክር። የ0.10 ሚሊሜትሯ ቅጠል በየትኛውም በኩል ከገባች ተጣሟል። በጣም ከሆነ ለሬቲፊካ ቤት (የሞተር ብረት በማሽን ለሚያስተካክሉት) ስጠው። ትንሽ ከሆነ ግን እዚያው መስታወት ላይ 400 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርግበትና ቴስታታውን ሳትጫን የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራህ አዙረው። በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞርክ ያዘው፣ እጅህ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ። ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን አቁም። የሚቀረው የመታጠቡ ነገር ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመህ እጠበው፣ በየቀዳዳው ንፋ። ያ የብርጭቆ ብናኝ ዘይት ውስጥ ከገባ ፒስተኑንም ሲሊንደሩንም ይበላልሃል። ከቻልክ ቫልቮላዎቹን አውጥተህ ነው ይህን መሥራት ያለብህ።

ጓርኒሲዮኑ በደረቁ ነው የሚገባው። ሲልከን የለም፣ ቅባት የለም። ሲልከን ላይ ክፉ አስተያየት አለኝና ልንገርህ። በዛ አድርገው ሲቀቡት ወደ ውጭ የተረፈውን ታየዋለህ፣ ወደ ውስጥም ያንኑ ያህል ተርፏል። ያ የውስጡ ተቆርሶ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ የዘይት መንገዱን ይደፍናል፣ ወይ ታች የወንፊቱ አፍ ላይ ይለጠፋል። ላዩ ሳያፈስ ውስጡ ዘይት አጥቶ የሚቃጠል ሞተር እኔ አይቻለሁ። አንተም ያ የቀባልህ ሰው ሥራ ስላለ ዘይቱን ስትቀይር ወንፊቱን አውጥተህ እይ።

ዘንጎቹን በየቦታቸው መልስ። ታች ጽዋቸው ውስጥ መቀመጣቸውን በጣትህ እያንቀሳቀስህ አረጋግጥ። ተንሸራቶ የቆመ ዘንግ ላይ ዳዶ ካጠበቅህ ዘንጉ ይጎብጣል።

አሁን ማጥበቁ ላይ ደረስን። ያ ጋራዥ «አጠበቅሁልህ» ያለህ በጉልበቱ ነው። የቴስታታ ዳዶ ግን በልክ ነው የሚጠብቀው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ካለህ የእሱን ቁጥር ተከተል። ከሌለህ፣ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቡሎን ላይ ለሚገባ ዳዶ ሆንዳ በጥቅሉ የሚሰጠው ልክ 22 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው፣ ለ6 ሚሊሜትሩ ቡሎን ደግሞ 10። ቶርክ ቁልፍ የለኝም ትለኛለህ። ተንጠልጣይ ሚዛንስ የለም? ገበያ ላይ ማርና ቅቤ የሚመዘንበት፣ መንጠቆ ያለው። እሱን ተዋስ። ከዳዶው መሃል እስከ መሳቢያው ድረስ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁልፍ ያዝ፣ ጫፉ ላይ ሚዛኑን አንጠልጥልና ከቁልፉ ጋር በቀጥታ መስቀል ሠርተህ ሳብ። ሚዛኑ 10 ኪሎ ሲያነብ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ሰጠህ ማለት ነው፣ 11 ኪሎ ሲያነብ 22። ቁልፍህ 15 ሴንቲ ብቻ ከሆነ 15 ኪሎ ትስባለህ። ለክዳኑ ቡሎኖች 10 ሴንቲ ላይ 10 ኪሎ በቂ ነው። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በሦስት ዙር። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ፣ ከዚያ በመስቀል እየሄድህ በግማሹ ልክ፣ ከዚያ በሙሉው። ይህን ዘዴ ላስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ሠርቶላቸዋል።

የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አስተካክል። የሲጂ 125 ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው። ቅጠሏ ስትሳብ ትንሽ መያዝ አለባት፣ መታነቅ ግን የለባትም።

ከገጠምክ በኋላ አስነሥተህ ትሙቅ፣ አጥፋ፣ ሙሉ በሙሉ ትቀዝቅዝ። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት በቅርብ በቅርቡ ብቻ ንዳት፣ ደምበጫ ዙሪያ። ከዚያ በቀዝቃዛው ዳዶዎቹን በዚያው ልክ እንደገና ፈትሽ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ይተኛልና። ዳዶ ከተንቀሳቀሰ የቫልቮላው ክፍተትም ይለወጣል፣ እሱንም ደግመህ ለካ። ይህ ሳይሆን ወደ ጮቄ እንዳታወጣት፣ ዓባይ በረሃም እንዳትወርድ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፣ ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ወዲያው ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ሽቅብ አለ። በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ከባድ ፈተና ነው። ክንፎቹ ላይ ያለውን ጭቃ ለዚያ መንገድ ስትል አራግፍላት። ጭቃው ሙቀት ይይዛል። ግን ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዱቄትህን እንደገና ንፋና እይ። ነጭ ሆኖ ከዋለ ጻፍልኝ።

ጥያቄ

ጋሸ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከብቸና ነኝ፣ ነርስ ነኝ። በሞተር ነው ገጠር የምወጣው። ባለፈው የቴስታታዬ ዳዶ ሲጠብቅ «ቀጭ» አለና መዞር ጀመረ፣ አይጠብቅም አይወጣም። በዚያው በኩል ዘይት ይወጣል። መካኒኩ «በማጣበቂያ እናስረዋለን» አለኝ። ይሆናል?

መልስ

እህቴ፣ አይሆንም። በማጣበቂያ የታሰረ ነገር ሞተሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለቃል፣ ያውም አንቺ ከሰው ርቀሽ ባለሽበት ሰዓት።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ዳዶው የሚጠብቅበት ረጅም ስታድ (ራስ የሌለው ቡሎን) ከታች አሉሚኒየሙ ውስጥ ጥርስ አለው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብረቱ ጠንካራ፣ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱን ነቅሎ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ የተበላው የዳዶው ጥርስ ብቻ ነው፣ ያ ከሆነ በአዲስ ዳዶ ታለፈ። ስለዚህ መጀመሪያ ይፈተሽ። ስታዱ ራሱ ከዳዶው ጋር እየዞረ ከሆነ ከታች ነው የለቀቀው።

መድኃኒቱ ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥርስ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ጠንካራ ሽቦ ይገባበታል፣ ስታዱ እዚያ ላይ ይታሰራል። በደንብ ከተሠራ ከመጀመሪያው ይበረታል። የጥርሱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 8 በ1.25 ነው። ቶርኖ ቤት ውሰጂው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ይሠራል። እዚያ ስትሄጂ ሁለት ነገር አደራ በዪ። አንደኛ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይሠርሠር፣ ስታዱ ከተዘነበለ ቴስታታው አይገባም። ሁለተኛ የመሠርሠሪያው ጫፍ ግራሶ ይቀባ፣ ብናኙን እንዲይዘው፣ የሞተሩም አፍ ይደፈን።

ከዳዶው ሥር ያሉትንም ሮንዴላዎች (ጠፍጣፋ ቀለበቶች) ተመልከቺ። በብዙ ሆንዳዎች ላይ ዘይት በአንደኛው ስታድ ዙሪያ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ያለው ዳዶ አናቱ ድፍን ነው፣ ሮንዴላውም የመዳብ ነው። በተራ ብረት ሮንዴላ ተቀይሮ ከሆነ የቱንም ያህል ቢጠብቅ በጥርሱ መሃል ሾልኮ ይወጣል። ምናልባት ያ መካኒክ ያን ሁሉ ጉልበት የተጠቀመው ለዚህ ፍሳሽ ይሆናል፣ የጥቂት ብር መዳብ ለሚያቆመው ነገር።

ጥያቄ

ቴስታታው ተሠራ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ በወሩ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። አሁን ደግሞ ሰማያዊ ጭስ አለው። ከፍኖተ ሰላም።

መልስ

ጭሱ መቼ ነው የሚወጣው? እሱን ብትጽፍልኝ ኖሮ ጥሩ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ልበልህ። ጋዝ ስትሰጥና ዳገት ስትወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ወይም ሲሊንደሩ አልቀዋል። ሌሊት ቆማ አድራ ጠዋት ስትነሣ፣ ወይም ቁልቁል ጋዝ ለቀህ ወርደህ እንደገና ስትሰጥ ከሆነ ደግሞ የቫልቮላዎቹ ጎማና መሪ ናቸው።

የመጀመሪያው ከሆነ የፍሳሹም ምክንያት እሱ ነው። ፋሻ ሲያልቅ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ወደ ታች ያመልጣል፣ የሞተሩን ሆድ ይነፋዋል፣ ዘይቱን በአገኘው መጋጠሚያ ይገፋዋል። ጓርኒሲዮን ብትቀይር ሌላ ቦታ ይወጣል። እየሠራች የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈትና እይ። ትንሽ ፍክ ፍክ ማለት የአንድ ሲሊንደር ሞተር ጠባይ ነው። ጭስ እየተግተለተለ እጅህን የሚገፋ ከሆነ ግን ሲሊንደሩን ለሬቲፊካ ቤት ወስደህ አስለካ፣ ፒስተንና ፋሻ በልኩ ይገባለታል። ገንዘብ ይጠይቃል፣ አልደብቅህም። ግን በየወሩ ከምትገዛው ዘይትና ጓርኒሲዮን ይሻላል።

ጥያቄ

የአያቴ ያማሃ ኤጂ 100 በቴስታታዋ አጠገብ ጥቁር ዘይት ታወጣለች። ጓርኒሲዮን ልቀይር? ከዳንግላ።

መልስ

አትቀይር። ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ናት፣ ቴስታታዋ ውስጥ የሚዞር ዘይት የላትም። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚቃጠለው። ያ ጥቁር ነገር ያልተቃጠለ ዘይት ነው፣ ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ሾልኮ ይወጣል። የዚያን መጋጠሚያ ጓርኒሲዮን ቀይርና አጥብቀው። ማርሚታውንም አውጥተህ ውስጡን ጥረግ፣ ሳይዘጋ አይቀርም። ካንዴላው ሥር ከሆነ ደግሞ ሮንዴላው አለ ወይ?